ደጅ መጥናት ካልቀረ የፍኖተ ሰላምን ደጅ



በዚህ ሰሞን ሕግ የሚያጠኑ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁናል። «አዲስ አበባ ውስጥ ለኤክስተርንሺፕ የሚቀበል የጥብቅና ቢሮ ታውቃላችሁ? እዚያ የምታውቁት ሰው አለ?» ይሉናል። ጠያቂዎቹ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የደንበጫ፣ የሽንዲ ልጆች ናቸው። የሚማሩት ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ከምንመልስ እዚህ እንጻፈው ብለናል። መልሳችን ግን የሚጠብቁት ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባን ለጊዜው ተዉት፣ ፍኖተ ሰላም ኑ ነው የምንለው።

አዲስ አበባን ንቀን አይደለም። ይህን የምንጽፈው ከዚሁ አካባቢ ወጥተን ሕግ የተማርን ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ሞክረው ያዩ አሉ። አንዱ ወንድማችን አራተኛ ዓመት ሳለ የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዞ፣ በአክስቱ ቤት ሦስት ሳምንት እየተኛ፣ ከቦሌ እስከ ልደታ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። ብዙዎቹ «ሲቪህን ተውልን፣ እንደውላለን» አሉት። እስከ ዛሬ የደወለ የለም። በመጨረሻ የተቀበለው ቢሮ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ አስነሣው፣ ሰነድ አመላለሰበት፤ አንድ ቀን እንኳ ችሎት ይዞት አልገባም። ሲጨርስ የግምገማ ቅጹ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ሞሉለት። ወንድማችን ያን ወረቀት አሁንም አስቀምጦታል፤ ያኔ ግን የክስ አቤቱታ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

አንዲት እህታችን ደግሞ ማመልከቻዋን ይዛ የገባችበት ቢሮ ሒጃቧን አይቶ «ደንበኞቻችን ምን እንደሚሉ አናውቅም» አላት። በትሕትና ነበር የነገሯት፤ ስድብ ቢሆን ይቀላት ነበር። ገንዘቧ ሲያልቅ አውቶቡስ ተሳፍራ ዓባይን ተሻግራ ወደ አገሯ ተመለሰች። አፍራ ስለነበር ለቤተሰቧ «ሞልቷል ተባልኩ» ብላ ነው የነገረቻቸው። እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ልምምዷን በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት የገጠማትን ስትናገር ግን ዛሬም ድምፅዋ ይለወጣል።

ከቡሬ ገጠር የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከሟቹ ወንድሞች ጋር በውርስ ተከራክራ በወረዳ ተፈርዶባታል። የፍርዱን ግልባጭ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ይግባኝ ልትል መጣች። እህታችን ቀኑን ቆጠረችው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 323 መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሴትየዋ የመጣችው በ69ኛው ቀን ነበር። «ለምን ዘገዩ እናቴ?» ብትላት «ይጠሩኛል ብዬ ነዋ» አለች። ወረቀቱ ከተሰጣት ቀን ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር። ያነበበላት ሰው አልነበረም። በአንቀጽ 326 በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላም እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላልና እህታችንን የሚያሠለጥኗት ጠበቃ ያለ ክፍያ አመለከቱላት። አልሆነም። መዝገቡ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ፍርድ ቤቱን አንወቅስም፤ ሕጉ የሚለውን ነው የሠራው። የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። የዚያች ሴት ጎረቤቶች እኛው ነን። መስጂዱ ከቤቷ ሩቅ አይደለም። በእነዚያ ስልሳ ቀናት ውስጥ ከከተማችን ልጆች ቢያንስ ሦስቱ የሕግ ተማሪዎች ሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ደጅ ይጠኑ ነበር። ደጅ መጥናት ካልቀረ እዚህ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ቀን ባልቀደማት።

በምዕራብ ጎጃም ጥቂት ነን። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ሙስሊሙ በዞኑ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ከተማ ላይ ያለነው በአብዛኛው ነጋዴዎች ስለሆንን የልጅ ዕጣ ስናስብም ሱቅ ነው የሚታየን። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ሐኪም ይሁን፣ ኢንጂነር ይሁን እንላለን። ሕግ የመረጠ እንደሆነ እናቱን «ነገረኛ ልታደርጊው ነው?» ይሏታል። በላ ልበልሃ ሲባልበት በኖረ፣ ሙግት በሚያውቅ አገር ውስጥ ተቀምጠን ሙግት የማያውቅ ማኅበረሰብ ሆነን መቅረታችን ይገርማል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ወጥተው 13 ጥያቄ ሲያቀርቡ አንዱ የመንግሥት ሥራ በር ይከፈትልን የሚል ነበር። በሩ ተከፍቷል። እኛ ግን ገና ከደጃፉ ነን።

ስለ «ሎው ፈርም» ደግሞ አንድ ነገር እናስተካክል። ልጆቻችን በፊልም የሚያዩት፣ ስሙ በመስታወት ላይ የተጻፈ፣ ብዙ ፎቅ የያዘ የሕግ ድርጅት በአገራችን አዲስ ነገር ነው። በ1992 በወጣው አዋጅ ቁጥር 199 ዘመን ጠበቃ በየግል ፈቃዱ ነበር የሚሠራው። ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም ያቋቋመው እሱው ነው። ያን ዓይነት ድርጅት አሁን የምታገኙት በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ ሥራውም በብዛት የኩባንያ ምሥረታ፣ የኢንቨስትመንት ውልና የግብር ጉዳይ ነው። መጥፎ ሥራ አይደለም። በሁለት ወር ውስጥ ግን ለተማሪ የሚሰጡት ከዚያ ውስጥ የተረፈውን ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ ያለው ሌላ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በቦክስ ፋይል የተሞላ መደርደሪያ፣ ብዙ ጊዜም ጸሐፊ የሌለው ጠበቃ። ከዚያ በእግር የሚደረስ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ማረሚያ ቤት አለ። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ራፖር ጸሐፊዎቹ ተቀምጠዋል። ከጃቢ ጠህናን ገበሬ የድንበር ክርክር ይዞ ይመጣል፤ ከሰከላና ከቋሪት የግድያ መዝገብ ይመጣል። ቡሬ ደግሞ በ2013 የተመረቁት የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ አሉ፤ ፋብሪካ ባለበት የሥራ ውል፣ የካሣና የጭነት ውል ክርክር አይቀርም። አንድ ተማሪ በስምንት ሳምንት ውስጥ ወንጀሉን፣ ውርሱን፣ መሬቱን፣ የሥራ ክርክሩንና አፈጻጸሙን ሁሉ የሚያይበት ቦታ ይህ ነው። ጠበቃው አጋዥ ስለሌለው በሦስተኛው ቀን እስክሪብቶ ያስይዝሃል። እኛ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው እንላለን።

ከዚህ ጋር የቋንቋው ጉዳይ አለ። ሕግ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የክልላችን ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ነው። አራት ዓመት «ጁሪስዲክሽን» ሲል የኖረ ልጅ ዳኛው «የሥረ ነገር ሥልጣን» ሲሉ ግራ ይገባዋል። ብይንና ፍርድ፣ ትእዛዝና ውሳኔ፣ መልስና የመልስ መልስ ይምታቱበታል። ከእኛ አንዱ የመጀመሪያ አቤቱታውን ጽፎ ለሚያሠለጥኑት ጠበቃ ቢያሳያቸው «ልጄ፣ ይኼ የተተረጎመ ነው፤ የሚከስ ሰው እንዲህ አይናገርም» አሉት። ሦስት ጊዜ አስጻፉት። ይህን ጉድለት አዲስ አበባ ያለ የእንግሊዝኛ ውል የሚያረቅ ቢሮ አይሞላውም። የሚሞላው የራፖር ጸሐፊው አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ ገበሬ የአሥር ዓመት ታሪኩን ሲናገር፣ ያ ታሪክ እንዴት በአንድ ገጽ ተኩል እንደሚያልቅ ማየት ነው።

እንግዲህ ቦታውን እንዴት ታገኛላችሁ? ዘመድ የለንም የሚለውን መልስ አንቀበልም። እኛም አልነበረንም። ኤክስተርንሺፕ የትምህርቱ አካል ስለሆነ ትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል፤ ደብዳቤው ግን በር ያስከፍታል እንጂ አያስቀምጥም። ከመጀመሪያው ቀን ሁለትና ሦስት ወር አስቀድማችሁ ራሳችሁ ሂዱ። ስልክ አይበቃም፤ በአገራችን የፊት ለፊት ሰላምታን የሚያህል ማመልከቻ የለም። ጠዋት ችሎት ሳይገቡ አትያዟቸው፤ ጠበቃ ጠዋት ልቡ መዝገቡ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ግቡና ማመልከቻችሁን በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ስማችሁን፣ የስንተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆናችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩና ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ጽፋችሁ ስጡ። «ማንኛውንም ነገር» ብላችሁ አትጻፉ። «የውርስና የባልና ሚስት ንብረት መዝገቦችን ማጥናት እፈልጋለሁ» ብሎ የጻፈ ልጅ የሚያስብ ልጅ መሆኑ ይታወቃል። የችግራችሁን ታሪክ ማመልከቻው ውስጥ አትክተቱ፤ አዝነውላችሁ ቢቀበሏችሁ አዝነውላችሁ ነው የሚያስቀምጧችሁ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ፍርድ ቤቶች በክረምቱ ማብቂያ ለእረፍት ይዘጉና ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል። ልምምዳችሁን ነሐሴ ላይ ካስጀመራችሁት ባዶ አግዳሚ ነው የምትለማመዱት። ዩኒቨርሲቲው ክረምቱን ካስገደዳችሁ ሰኔ መጨረሻ ግቡ፤ እረፍቱን ደግሞ በጠበቃው ቢሮ የቆዩ መዝገቦችን በማንበብ አሳልፉ። የተዘጋ መዝገብ ማንበብ፣ ማን ምን ብሎ እንደረታ ማየት፣ ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል።

ሶላትስ ለምትሉ፣ ዙህር በምሳ ሰዓት ይሰገዳል። አርብ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ጁምዓ ከማንም ጋር አያጣላችሁም። ዐስር ሲደርስ ለሚያሠለጥናችሁ ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ። ሳይናገሩ መጥፋት ነው የሚያስከፋው። በእኛ አካባቢ የማያጸልይ ክርስቲያን ጠበቃ አላጋጠመንም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ሰዓቱን ያስታውሱናል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ከገቡ በኋላ ወደሚመጣው። «ጥብቅና ሐራም ነው፤ ሐሰት ማስረዳት ነው» የሚሉ አባቶች አሉን። ሥጋታቸውን አናቃልልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተሟጋቾች ወደሳቸው ሲመጡ አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ እሳቸውም በሰሙት እንደሚፈርዱ፣ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው የእሳት ቁራጭ እንደተሰጠው ቆጥሮ እንዳይወስደው አስጠንቅቀዋል። ይህ ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ያለ ነው። ለሕግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የሥነ ምግባር ትምህርት አናውቅም። አንደበት ይፈርዳል፤ አንደበት ሐቅ ይወስዳል። ዑለማዎቻችን በክርክር ውክልናን የሚፈቅዱት ባጢል መሆኑ እየታወቀ እስካልተያዘ ድረስ ነው። ስለዚህ ሐራም የሚሆነው ሥራው አይደለም፤ እያወቅህ የያዝከው ውሸት ነው።

በሱረቱ ኒሳእ ለከዳተኞች ተከራካሪ መሆንን ስለሚከለክለው አንቀጽ የተፍሲር መጻሕፍት የሚያወሩትን ታስታውሳላችሁ። ከበኒ ኡበይሪቅ የሆነ ሰው ጥሩር ሰርቆ በአንድ አይሁዳዊ ላይ አላከከ፤ ዘመዶቹም ወገናቸው ስለሆነ ተከራከሩለት። ወሕዩ የወረደው አይሁዳዊውን ነጻ ሊያደርግ ነው። እኛ ከመቶ ዘጠና ስምንቱና ዘጠና ዘጠኙ ክርስቲያን በሆነበት ዞን ውስጥ ነው የምንኖረው። ልጃችን ጠበቃ ቢሮ ሲቀመጥ ከሚመጡለት መቶ ሰዎች አንዱ ሙስሊም ቢሆን ነው። የሙስሊሙን መዝገብ ቶሎ አንሥቶ የሌላውን የሚያቆይ ከሆነ ያን አንቀጽ አልተማረም። በተቃራኒው ደግሞ አይተናል፤ «ወገኑን ያደላል እንዳልባል» ብሎ የገዛ አጎቱን ጉዳይ እንኳ ማየት የፈራ። ሁለቱም ያው በሰው ዓይን መሥራት ነው። የነጃሺንና የጀዕፈርን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት አንደግመውም፤ ግን ነጃሺ ስደተኞቹን ጠርቶ ቃላቸውን ሳይሰማ አላስረክብም ማለቱን የሕግ ተማሪ ሁሉ ግድግዳው ላይ ቢጽፈው ደስ ይለናል።

ከሁሉ በላይ አማና። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት። ቡሬ ከዚያም ታንሳለች፤ ወሬ ከችሎት ከሰው ቀድሞ ይወጣል። ጠበቃ ቢሮ የሰማችሁት ፍቺ፣ ያያችሁት ኑዛዜ፣ ያነበባችሁት የአስከሬን ምርመራ ውጤት ለእናታችሁም አይነገርም። ከእኛ አንዱ በልምምዱ ዘመን ማታ ሻይ ቤት አንድ መዝገብ ላይ «ስም ሳልጠራ» ብሎ አወራ። ስም መጥራት አላስፈለገም፤ ሁሉም አወቀው። በማግስቱ ጠበቃው ቁልፋቸውን ተቀበሉት። ያ ጥፋት የሱ ነው፤ እሱም አይክድም። ሌላው ልክ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ተማሪ ጠበቃ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ሰው በራሱ ስም ምክር ሸጦ፣ አቤቱታ ጽፎ ገንዘብ ከተቀበለ ሕግ እየጣሰ ነው ሕግ የሚማረው።

ሥራውን በተመለከተ የምንመክረው ጥቂት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 222 ከመሄዳችሁ በፊት አጥኑ፤ የክስ አቤቱታ ምን ምን መያዝ እንዳለበት እዚያ አለ። የፌዴራል ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ቅጾቹን ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ዳታ በየቀኑ አይገኝምና። የክልሉን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79ን እና የ2009ኙን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252ን በቦርሳችሁ ያዙ። ከገጠር የሚመጣው ሰው ነገር አብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም። የሸሪዓ ፍርድ ቤትን ጉዳይም ለይታችሁ እወቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። አንዱ ወገን ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ይህን ቀላል ነገር ባለማወቅ ስንት እህቶቻችን ወራት ሲመላለሱ አይተናል። ኒካሕ ታስሮላቸው በ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ያልተመዘገበላቸው ደግሞ ባል ሲሞት ሚስትነታቸውን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ይዞራሉ።

እስካሁን ለተማሪዎች ነበር የጻፍነው። የቀረው ለነጋዴዎቻችን ነው።

በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ ያለው የዕዳ አንቀጽ ነው። ዕዳን ጻፉ ይላል፤ ጸሐፊ ይጻፈው፣ ምስክር ይኑር ይላል። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲናገሩ እኛስ? ቡሬ ላይ በመኪና የተጫነ በርበሬ በዱቤ ይሰጣል፣ መቶ ሺህዎች ያለ ብጣሽ ወረቀት ይበደራሉ። «በአማና ነው» ይባላል። አማናን ማጻፍ እንደ መጠራጠር ይታያል። ሲካድ ደግሞ ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ሳይሆን ሲቀር ክስ፣ ክሱ ላይ ማስረጃ ጠፍቶ ኪሳራ። ከዚያ «ፍርድ ቤት ፍትሕ የለም» እንላለን።

አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ማህተማ ጋንዲ ለንደን ተምሮ በ1891 እ.ኤ.አ. ጠበቃ ሆኖ ተመለሰ። ቦምቤይ ላይ የመጀመሪያ መዝገቡን ይዞ ሲቆም አፉ ተያዘ፤ ምስክር መጠየቅ አቅቶት ቁጭ አለ፣ ገንዘቡንም መለሰ። ያን ልጅ ሰው ያደረጉት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። የዳዳ አብደላ ኩባንያ በ1893 በ105 ፓውንድ ለአንድ ዓመት ቀጥሮ ደቡብ አፍሪካ ወሰደው። ኩባንያው ከዘመዱ ከጠይብ ጋር በ40,000 ፓውንድ ይካሰስ ነበር፤ ጋንዲ የሄደው እንዲከራከር እንኳ ሳይሆን ዋናዎቹን ጠበቆች እንዲያግዝ ነው። በዛሬ ቃል ኢንተርን ነበር ማለት ነው። የተስፋ ሰነድ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ገዝቶ አጥንቶ ሒሳቡን መስመር በመስመር አነበበ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ዘመዳሞች በግልግል አስታረቃቸው፤ ዳዳ አብደላ ረታ፣ ጠይብም እንዳይከስር ዕዳውን በየጊዜው እንዲከፍል ተደረገ። አንድ ነጋዴ ዓይን አፋር ልጅ ላይ የአንድ ዓመት ዕድል አዋለ፤ ከዚያ የወጣውን ዓለም ያውቃል።

ሐጂዎቻችን፣ ነጋዴዎቻችን፣ ከእናንተ 105 ፓውንድ አንጠይቅም። አንድ ተማሪ ለሁለት ወር የሚያድርበት ክፍል፣ ምሳ፣ የታክሲና የወረቀት ብር ነው የምንጠይቀው። እናንተን የሚያማክር ጠበቃ ካላችሁ «ይቺን ልጅ አጠገብዎ ያስቀምጡልን» የምትል አንዲት ቃል ነው። በምላሹ ልጁ ከጠበቃው ጋር ሆኖ የዱቤ መዝገባችሁን በውል ቅጽ ያስተካክልላችሁ። ከዚያ የሚተርፈው ጊዜ ለዚያች ፌስታል ለያዘች ሴት ነው። የጁምዓ ዕለት ከሶላት በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ አንድ ተማሪ ቁጭ ብሎ የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ቢያነብ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነና ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ቢነግር፣ «ጠበቃ ዘንድ ዛሬውኑ ይሂዱ» ቢል፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቢመጡ ይነበብላቸው።

የክልላችንን ሁኔታ ዘንግተን አይደለም። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ ችሎት የማይሰየምበት ጊዜ ብዙ ነው። ለልጁ ደኅንነት ወላጅ የሚወስነውን እናከብራለን፤ ያለ ወላጅ ፈቃድ ማንም አይንቀሳቀስ። ግን ያው መንገድ ወደ አዲስ አበባም የሚወስደው ነው። ከቤቱ ሆኖ የሚለማመድ ልጅ ቢያንስ ቀኑን አይቶ ይወጣል፣ አይቶ ይቀራል። ሁሉ ሲዘጋ ደግሞ የጠበቃው መደርደሪያ አለ።

ከላይ ያነሣናት እህታችን ትምህርቷን ጨርሳ የመውጫ ፈተናውን አልፋለች። አሁን ለጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቀውን የሥራ ልምድ እየሞላች ነው። ቡሬ ላይ አንድ አባታችን ይህን ሐሳብ ሲሰሙ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል አስጠርገው አልጋና ጠረጴዛ አስገብተዋል። ክፍሏ ለሴት ተማሪ ትሁን ብለዋል፤ ባለቤታቸው እዚያው ግቢ ስላሉ። የዘንድሮ ደብዳቤ የያዘች እህት ካለች በውስጥ መስመር ትጻፍልን፣ ቁልፉ እኛ ጋ ነው።